አዮዲንና አዮዴት

በደጋ አገራችን እንቅርት እንግዳ በሽታ አይደለም። ከጉና ተራራ የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን ወደ ርብና ወደ ጉማራ ሲያግዝ፣ በአፈሩ ያለውን ጥቂት አዮዲን አብሮ ይወስደዋል፤ በዚያ መሬት የሚበቅለውም እህል አዮዲን ያንሰዋል። ጉዳቱም በአንገት እብጠት ብቻ አይወሰንም፤ እናት በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን በብርቱ ካጣች የሕፃኑ አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህም የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው አዟል።

ይሁን እንጂ በከረጢቱ ላይ የሚነበበው ቃል ያሳስታል። ቁስል የሚቀባውን ቡናማ አዮዲን የሚያውቅ ሰው «ይህንን በወጥ ልንበላው ነውን?» ቢል አንፈርድበትም። ወደ ጨው የሚገባው ግን ፖታሲየም አዮዴት ነው። አዮዲን ብቻውን ሲሆን ጥቁር አብረቅራቂ ጠጣር ነው፤ ሲሞቅም ሐምራዊ ተን ይሆናል። አዮዴት ግን ያው አዮዲን ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ የሚገኝበት ነጭ ውሁድ ነው። ጨው ራሱ ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል፤ ክሎሪን ብቻውን መርዛም ጋዝ ሲሆን፣ ከሶዲየም ጋር ሲዋሐድ በየማዕዳችን የሚቀርበው ጨው ይሆናል።

መምህራን ልዩነቱን በአንድ ድንች ሊያሳዩ ይችላሉ። የቁስሉን አዮዲን በተቆረጠ ድንች ላይ ጠብ ቢያደርጉበት፣ ድንቹ ወዲያው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። ጨው ቢነሰንሱበት ግን መልኩ አይለወጥም። ከዚህ ተነሥቶ «ነጋዴው አታለለን» ማለት ስሕተት ነው፤ የድንቹን ስታርች የሚያጠቁረው ነፃ አዮዲን እንጂ አዮዴት አይደለምና። የጨው መርማሪዎች የሚጠቀሙበት ፈሳሽ ከስታርች በተጨማሪ አሲድና አዮዳይድ አለበት፤ እነዚህ አዮዴቱን ወደ ነፃ አዮዲን ስለሚለውጡት ሰማያዊው ቀለም ያን ጊዜ ይታያል።

የቁስሉን አዮዲን በጨው ላይ ማንጠባጠብ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ለአንድ ጎልማሳ በቀን የሚበቃው 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ከዚያ መድኃኒት አንዲት ጠብታ ብቻ ይህን ልክ ብዙ ጊዜ እጥፍ ታልፈዋለች።

አዮዴት የተመረጠው እርጥበትንና ሙቀትን ከአዮዳይድ ይልቅ ስለሚችል ነው። ቢሆንም ለረጅም ጊዜ ከፈላ ወይም ክዳን በሌለው ዕቃ ከሰነበተ እየቀነሰ ይሄዳልና፣ ጨው ከምድጃው ርቆ በደረቅ ስፍራ ተከድኖ ይቀመጥ፤ ወደ ወጡም የሚጨመረው ድስቱ ሊወርድ ሲል ይሁን።