ያላገቡ ወጣቶች በባለትዳሮች መንደር

ዛሬ የምንናገርበት ነገር ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ልብ የሚያቈስል ነው። ይኸውም በባለትዳሮች መካከል ብቻቸውን ስለሚኖሩ ወጣቶች ነው።

ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአዲስ አበባ ዳርቻ፥ በጀሞ፥ በሰሚት፥ በየካ አባዶና በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዛት ተሠርተዋል። በእነዚህ መንደሮች ማታ ማታ እናቶች ልጆቻቸውን ከግቢ ይጠራሉ፤ አባቶችም ከሥራ ይመለሳሉ። በዚያው ደረጃ አንዲት ወጣት መምህርት ወደ ተከራየቻት አንዲት ክፍል ትወጣለች፤ በሩን ስትከፍት ግን «እንደምን ዋልሽ» የሚላት የለም።

ጎረቤቶቿ አይጠሏትም። ባገኟትም ጊዜ፥ «ልጄ፥ ወግ ማዕረግሽን መቼ እናያለን?» ይሏታል። ቃሉ ከፍቅር የወጣ ነው፤ ዕለት ዕለት ሲደጋገም ግን፥ «ገና ሰው አልሆንሽም» እንደ ማለት ሆኖ ይሰማታል። በብዙ ስፍራም እድር የሚመዘግበው ቤተሰብን ስለሆነ፥ ብቻውን ተከራይቶ የሚኖር ወጣት ከመዝገቡ ውጭ ይቀራል። እንግዲህ ይህ ወጣት ቢታመም ማን ይጠይቀዋል? ወላጁ ቢሞትበትስ ማን ድንኳን ይተክልለታል?

ቤተ ክርስቲያናችን ጋብቻን ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ አድርጋ ታከብረዋለች። ያላገባውን ግን ጎደሎ ሰው አትለውም። ነቢዩ ኤርምያስ ሚስት እንዳያገባ ታዝዞ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት በምዕራፍ 7 ያላገባ ሰው የጌታን ነገር ለማሰብ ያለውን ነጻነት አስረድቷል።

የቢታንያንም ቤት እናስብ። ቢታንያ ከኢየሩሳሌም 3 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ መንደር ነበረች። ወንጌል ማርታን፥ ማርያምንና አልዓዛርን እኅትማማችና ወንድም መሆናቸውን ይነግረናል እንጂ የአንዳቸውንም ባል ወይም ሚስት አያነሣም። ጌታችን ግን እነርሱን ይወድ ነበር፤ በመንደራቸውም ለማዕድ ተቀምጧል።

እንግዲህ እናንተ ባለትዳሮች፥ በበዓል ቀን ቡና ሲፈላ አንድ ልጅ ልካችሁ የዚያን ወጣት በር አስንኳኩ። የእድር ዳኞችም ብቻውን የሚኖረውን ሰው በራሱ ስም መዝግቡት።

እናንተም ወጣቶች፥ «ተከራይ ነኝ፥ ነገ እሄዳለሁ» ብላችሁ በራችሁን አትዝጉ። የእድሩን መዋጮ ክፈሉ፤ ለቀስተኛው ሲመጣ ወንበር አንሡ፤ ሕመምተኛ ጠይቁ። ጎረቤት ለመሆን ሠርግን መጠበቅ አያስፈልግም። ብቸኝነትን ለመሸሽ ብቻ የሚገባበት ጋብቻም ሁለት ብቸኞችን በአንድ ቤት ሊያኖር ይችላል። የጋብቻ ቀን ቢመጣ በደስታ ተቀበሉት፤ እስከዚያ ያለው ዕድሜም ግን የመጠበቂያ ጊዜ ብቻ ሳይሆን እግዚአብሔር የሰጣችሁ ዕድሜ ነው።

በአንድ ደረጃ የምንወጣ ሁላችን በአንድ ማዕድ እንድንገናኝ አምላካችን ይርዳን።