አገር ስጪኝ፦ በጨዋታ የወደቀን ተጫዋች እንዴት እንያዝ?

«እንቆቅልሽ!»
«ምን አውቅልሽ!»

አማርኛ እየሰማ ያደገ ልጅ ሁሉ ይህን ጥሪና ምላሽ ያውቀዋል። ጠያቂዋ እንቆቅልሹን ታቀርባለች፣ ተጠያቂዋ ትሞክራለች፤ ካልሆነላት «አገር ስጪኝ» ትባላለች። ተሸናፊዋ አንድ ከተማ ትሰጣለች። ጠያቂዋ ከተማው ካላማራት ሌላ ትጠይቃለች፤ ካማራት ደግሞ እዚያ ገብታ የበላችውን፣ የጠጣችውንና የተደረገላትን አቀባበል እየተረከች ትኩራራለች። በመጨረሻም መልሱን ትናገራለች።

በኪስዋሂሊም እንዲሁ ነው። ጠያቂው «ኪቴንዳዊሊ!» ሲል ሌሎቹ «ቴጋ!» ይላሉ። መልሱ ከጠፋባቸው «ኒፔ ምጂ» ይላቸዋል፤ «ከተማ ስጡኝ» ማለት ነው። እኛ የሞያሌ ልጆች ሁለቱንም ከልጅነታችን ጀምሮ እንጫወታለን። ይህ ሕግ ምን እንደሚጠቅም ግን እስከ ዘንድሮ ድረስ አስበንበት አናውቅም ነበር። እንድናስብበት ያደረገን በክበባችን የሠራነው አንድ ስሕተት ነው።

ዘንድሮ በክበባችን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን የምንጫወተው ታሪክ እየፈጠሩ የሚሄዱበት ጨዋታ ነው። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ በዓለም የታወቀው ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1974 እ.ኤ.አ. «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ»ን ካወጡ በኋላ ነው። አንዱ መሪ ሆኖ ታሪኩን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ባለታሪክ ሆነው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። ውጤቱ የሚያጠራጥር ሲሆን ዳይስ ይጣላል። እነርሱ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ አላቸው፤ እኛ የሉዶ ዳይስ ይበቃናል። አራትና ከዚያ በላይ ከወጣ ተሳክቷል፣ ከዚያ በታች ከሆነ ወድቋል።

ታሪካችን ከሞያሌ ተነሥቶ ወደ ማርሳቢት የሚወርድ የግመል ጉዞ ነበር። መንገዱ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ ማግኘት ዋናው ጭንቅ ነው። አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ መንገድ መሪ ሆና የውሃ ጉድጓድ ትፈልግ ጀመር። ዳይሱን ስትጥል ሁለት ወጣ። መሪያችን «አላገኘሽም» አለና ተራውን ለሚቀጥለው ሰጠ። ሁለተኛ ጣለች፤ አንድ። «አላገኘሽም።» ሦስተኛም እንደዚያው። እኛም ሳቅን። እርሷ ዳይሱን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣችም።

መጀመሪያ ዕድሏን ወቀስን። ቆይተን ስናስበው ጥፋቱ የእኛ ነበር። በእንቆቅልሽ የተሸነፈ ሰው ይሳቅበታል፤ ነገር ግን አገር የሚሰጠው እርሱ ነው፣ ታሪኩ ከእርሱ ቃል ይቀጥላል፣ በመጨረሻም መልሱን ይዞ ይሄዳል። ጓደኛችን ግን ምንም ሳትሰጥና ምንም ሳታገኝ ሦስት ጊዜ ከመንገድ ቆመች። የከበዳት ውድቀቱ አልነበረም፤ ከውድቀቱ በኋላ ምንም አለመኖሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ በሚከተሉት ሕጎች እንጫወታለን።

አንደኛ፣ ዳይሱ ከመጣሉ በፊት መሪው «ቢወድቅ ምን ይሆናል?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። መልሱ «ምንም» ከሆነ ዳይስ አያስፈልግም፤ ተጫዋቹ ያሰበውን ያድርግ።

ሁለተኛ፣ ዋጋው አስቀድሞ ይነገራል። «ጉድጓዱን ካጣሽው ሌሊቱን ያለ ውሃ ታድራላችሁ፤ አንድ ግመልም ሊደክም ይችላል» ስትባል፣ ልጣል ወይስ ልተው ብላ ትመርጣለች። የመረጠ ሰው ቢወድቅም ተታለልኩ አይልም።

ሦስተኛ፣ የወደቀ ሰው «አገር ይሰጣል»። መሪው «ታዲያ ምን ደረሰ? የት ደረሳችሁ?» ብሎ ተጫዋቹን ይጠይቃል። ታሪኩ በዚያ በኩል ይቀጥላል።

አራተኛ፣ የባለታሪኩ ክብር ይጠበቃል። መንገድ መሪዋ ጉድጓዱን ያጣችው ሞኝ ስለሆነች አይደለም፤ ነፋስ አሸዋ ሞልቶበት፣ ወይም ሌሎች ቀድመው ቀድተው ጨርሰውት ይሆናል። ሳቅ ይፈቀዳል፤ በሰውየው ላይ ግን አይሳቅም።

አምስተኛ፣ ውድቀቱ አይሰረዝም። አንዳንዶቻችን አዝነን «እሺ፣ እንደገና ጣዪ» ማለት ጀምረን ነበር። ጥቂት ሳምንት እንዲህ ስንጫወት ዳይሱን የሚፈራው ጠፋ፣ ጨዋታውም ቀዘቀዘ። አገር የሰጠ ሰው አገሩን መልሶ አይቀበልም።

ጓደኛችንን ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት፤ ተመለሰች። በዚያ ቀን ደግሞ ዳይሷ አንድ አወጣ! ሁላችንም ዝም አልን። መሪው «አገር ስጪኝ» አላት። ጥቂት አሰበችና «ሶሎሎን ሰጠሁህ» አለች። «መንገድ ስተን ወደ ኋላ ተመለስን። ሶሎሎ ስንደርስ አንዲት አሮጊት ውሃ ሰጡን፤ በምትኩ ግን የልጅ ልጃቸውን ማርሳቢት እንድናደርስ አስማሉን።» ያ የልጅ ልጅ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አብሮን ተጓዘ። የዘንድሮው ታሪካችን ትልቁ ክፍል የተወለደው ከአንዲት አንድ ቁጥር ነው።

በሚቀጥለው ዓመት የክበቡን ዳይስ ለምትረከቡ ታናናሾቻችን የምንተወው ይህን ነው። ጓደኛችሁ በጨዋታም ሆነ በክፍል ውስጥ ሲወድቅ «አላገኘህም» ብላችሁ አትለፉት፤ «ታዲያ ቀጥሎ ምን ሆነ?» በሉት።

ለስንብት አንድ እንቆቅልሽ፦ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ቤቶች፣ መሐላቸው በር እንጂ ግድግዳ የሌለ። ካቃታችሁ አገር ስጡን። ሞያሌን ግን እንዳትሰጡን፤ መልሱን ሳታውቁት ትነግሩናላችሁ።