የአገዳ ቆርቁርን በበጋ መከላከል

በክረምት የማሽላችሁ እምብርት ደርቆ ስታዩ ቶሎ የሚታሰባችሁ ፀረ ተባይ መግዛት ነው። ትሉ ግን ያን ጊዜ አገዳው ውስጥ ገብቷል፤ ከላይ የተረጨው አያገኘውም። ገንዘባችሁ ይባክናል፣ ንባችሁም ይጎዳል። ቆርቁርን መከላከል የሚቀለው በበጋ ነው።

ማሽላው ሲታጨድ ትሉ አይሞትም። በደረቀው አገዳ ውስጥ ተኝቶ በጋውን ያሳልፋል። ዝናብ ሲጥል ወደ ሙሽሬ ይለወጣል፤ ከዚያም የእሳት እራት ሆኖ ይወጣና በለጋ ማሽላና በቆሎ ላይ፣ ቅጠሉ አገዳውን ከሚያቅፍበት ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል። በስማዳ፣ በእስቴና በታች ጋይንት ቆላማ ቀበሌዎች አገዳውን ለመኖ፣ ለማገዶና ለአጥር ብለን አቁመን እንከምረዋለን። ትሉን ለከርሞ የምናቆየው እኛው ነን ማለት ነው።

አገዳውን አቃጥሉት አልልም፤ ማገዶው ከየት ይመጣል? በአገራችን በተደረገ ጥናት የተረጋገጠ ቀላል ዘዴ አለ። አገዳውን ከሥሩ ቆርጣችሁ፣ ሳትደራርቡ፣ ማሳው ላይ አጋድማችሁ ለ4 ሳምንት ፀሐይ አስመቱት። ሙቀቱ ትሉን ይፈጀዋል፤ አገዳው ለማገዶም ለአጥርም ይሆናል። ለመኖ የምትፈልጉትን ቅጠል አስቀድማችሁ ግፈፉ። ጉቶውንም በእርሻ ገልብጡት፤ እዚያም ትል ይቀራል።

አስቸጋሪው ልቅ ግጦሽ ነው። የተዘረጋውን አገዳ ከብት ከገባበት ሥራው ከንቱ ነው። የእሳት እራቷም ስለምትበር የጎረቤት ክምር ካልተነካ የእናንተ ልፋት ብዙ አይጠቅምም። ስለዚህ ከአጨዳ በፊት ከማሳ አዋሳኞቻችሁ ጋር ተመካከሩ፣ ለ4ቱ ሳምንት ከብት እንዳይገባ ተስማሙ፣ አገዳውንም በአንድ ሰሞን ዘርጉ።

በክረምት ደግሞ ቡቃያው 2 ሳምንት ሲሞላው ጀምራችሁ ማሳውን ተመላለሱበት። ሲገለጥ በመስመር የተደረደሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ቅጠል ካያችሁ ትሉ ገና እምብርቱ ላይ ነው። ኒም ካላችሁ የፍሬውን ዱቄት በቁንጥጫ እምብርቱ ውስጥ ጨምሩ። እምብርቱ የደረቀውን ነቅላችሁ በጥልቅ ቅበሩት። ለከብት ግን አትስጡ፤ ለጋና የቀጨጨ ማሽላ ከብት ይመርዛል።

አገዳ ስትሰነጥቁ ከሞተ ትል አጠገብ ጥጥ የመሰሉ ጥቃቅን ነጭ ነገሮች ብታገኙ ወደ ማሳው መልሱት። የቆርቁር ጠላት የሆነ የጥቃቅን ተርብ ልጆች ናቸው።