አላስፈላጊ የአንቲባዮቲክ ትዕዛዝን በአነስተኛ የአሠራር ለውጥ ስለ መቀነስ

አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አያጠፋም። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው መረጃ መሠረት፣ በኮቪድ-19 ምክንያት ሆስፒታል ከተኙት ሕሙማን መካከል ተጨማሪ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን የነበረባቸው 8 በመቶ ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ አንቲባዮቲክ የተሰጣቸው ግን ከአራቱ ሦስቱ ነበሩ። ያለ አግባብ የተሰጠ መድኃኒት ባክቴሪያዎች እንዲለማመዱት ያደርጋል፤ ነገ የሳንባ ምች ለሚይዘው ሕፃን ወይም በወሊድ ጊዜ ኢንፌክሽን ለሚያጋጥማት እናት የሚሠራ መድኃኒት ሊታጣ ይችላል።

የችግሩ ምንጭ የዕውቀት ማነስ ብቻ አይደለም። ከሩቅ ቀበሌ ተነሥቶ ቡኢ የደረሰ ሕሙም ባዶ እጁን መመለስ አይሻም፤ ባለሙያውም «ቢብስበት ተመልሶ ላይመጣ ይችላል» ብሎ ይሠጋል። ወረፋው በበዛ ቁጥርም ማስረዳት ይቀርና ማዘዝ ይቀላል። ስለዚህ ትክክለኛውን ውሳኔ የሚያቀሉ የሚከተሉት ዘዴዎች ሥራ ላይ ሊውሉ ይገባል።

1. የቃል ኪዳን ማስታወቂያ፦ ባለሙያው አንቲባዮቲክን በአግባቡ ብቻ ለማዘዝ የገባውን ቃል ፈርሞ በምርመራ ክፍሉ ይለጥፋል። በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ይህ ዘዴ ሲሞከር፣ አላስፈላጊ ትዕዛዝ ማስታወቂያው ካልተለጠፈባቸው ክፍሎች ጋር ሲነጻጸር በ20 መቶኛ ነጥብ ገደማ ቀንሷል።

2. ንጽጽር፦ እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱ የትዕዛዝ መጠን ከባልደረቦቹ አንጻር በምስጢር ይነገረዋል። በእንግሊዝ አገር ብዙ ለሚያዝዙ ክሊኒኮች የተላከ አንድ ደብዳቤ ትዕዛዛቸውን በ3.3 በመቶ ቀንሷል። ንጽጽሩ ለመማሪያ እንጂ ለቅጣት አይውልም።

3. ምክንያትን መጻፍ፦ አንቲባዮቲክ ሲታዘዝ ምክንያቱ በሕሙሙ ካርድ ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይሰፍራል። በተለይ እንደ አዚትሮማይሲንና ሴፍትሪያክሶን ያሉት፣ በጥንቃቄ ሊታዘዙ የሚገባቸው መድኃኒቶች ያለ ምክንያት አይጻፉም።

4. የምክር ወረቀት፦ መድኃኒት ያልታዘዘለት ሕሙም ስለ ዕረፍት፣ ስለ ፈሳሽና ስለ ትኩሳት ማስታገሻ በጽሑፍና በቃል ምክር ይሰጠዋል። ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ከወጋው፣ ራሱን ከሳተ ወይም ትኩሳቱ ከጠናበት ሳይዘገይ እንዲመለስ ይነገረዋል። በቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ሁኔታውን ትከታተላለች።

እነዚህ ዘዴዎች የባለሙያውን ሥልጣን አይነጥቁም። የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ምልክት ለታየበት ወይም በጽኑ ለታመመ ሕሙም መድኃኒቱ በብሔራዊው የሕክምና መመሪያ መሠረት ሳይዘገይ ሊሰጠው ይገባል። ዓላማው አንቲባዮቲክን መንፈግ ሳይሆን፣ በእርግጥ ለሚያስፈልገው ሰው ፈዋሽነቱን ጠብቆ ማቆየት ነው።