ጆሃንስበርግ ያላችሁ ልጆች፣ ከመኪናው በፊት ወረቀቱን ግዙ

ጆሃንስበርግ ኖሮ ጄፒን የማያውቅ አበሻ የለም። መንገዱ በይፋ ራሂማ ሙሳ ከተባለ ዓመታት ቢቆጠሩም እኛ ዘንድ ግን ዛሬም ጄፒ ነው። እዚያ ቡና ሲጠጣም ሆነ ዕቁብ ሲጣል የማይቀር አንድ ወሬ አለ፤ የመኪና ወሬ። ከሎኬሽን ዕቃ ሊጭን የመጣው ልጅም፣ ጅምላ አከፋፋዩም ስልኩን ያወጣና ፎቶ ያሳያል። ስካይላይን፣ ሱፕራ፣ ሲልቪያ፣ አርኤክስ ሰቨን። «ያገለገለ ነው፣ ግን አዲስ በለው። ከጃፓን ነው የመጣው። ዋጋው ደግሞ የማይታመን ነው። ደርባን ቆሞልሃል ብለውኛል» ይላል።

«ደርባን ቆሞልሃል» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። የብዙ ልጆች የዓመታት ልፋት የሚቀልጠው በዚህች ቃል ነው።

በመጀመሪያ አምሮቱ ነውር አይደለም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሱቅ ከፍቶ ማታ በፍርግርግ ብረት ውስጥ ሆኖ የሚሸጥ ወጣት፣ እሁድ እሁድ ደስ የሚለውን ነገር ቢነዳ ማን ይከፋዋል? የጃፓን መኪኖቹም ቢሆኑ የሚወደዱበት ምክንያት አላቸው። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2004 ድረስ የጃፓን ፋብሪካዎች ለሀገራቸው ገበያ የሚሠሩት መኪና ከ280 የፈረስ ጉልበት እንዳይበልጥ እርስ በርሳቸው ተስማምተው ነበር። ወረቀቱ 280 ይበል እንጂ እንደ ስካይላይን ጂቲአር እና ሱፕራ ያሉት መኪኖች ሞተራቸው ከዚያ በላይ መሸከም የሚችል ነበር። ትንሽ የነካካቸው ሰው የተደበቀውን ጉልበት ያወጣዋል። እኛ ደግሞ ለፈረስ ጉልበት ባዕዳን አይደለንም፤ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው እያልን በፈረስ ስማቸው የምንጠራ ሕዝቦች ነን።

ችግሩ ያለው ዋጋው ላይ ነው። አሜሪካ ከውጭ የሚገባ መኪና 25 ዓመት ከሞላው ብዙውን የደኅንነት መስፈርት ታነሳለታለች። በ1990ዎቹ የተሠሩት የጃፓን መኪኖች አንድ በአንድ ይህን ዕድሜ ሲሞሉ አሜሪካውያን ገዢዎች ገበያው ውስጥ ገቡበት፤ ዋጋውም ጣሪያ ነካ። ከ1999 ጀምሮ የተሠራው አር34 ስካይላይን ጂቲአር ዕድሜው የደረሰው በ2024 ነው። እንግዲህ የዓለም ሀብታም የሚሻማበት መኪና ጄፒ ላይ በአሮጌ ኮሮላ ዋጋ ሲቀርብላችሁ «ምን ጎድሎት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁም? ብዙ ጊዜ የጎደለው ሞተር ወይም ጎማ አይደለም። ሊብሬው ነው።

ሕጉን በአጭሩ ላስቀምጠው። ደቡብ አፍሪካ ያገለገለ መኪና ከውጭ አስገብቶ መሸጥን አትፈቅድም። ያገለገለ መኪና ለማስገባት ከዓለም አቀፍ ንግድ አስተዳደር ኮሚሽን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ደግሞ በጥቂት ሁኔታዎች ብቻ ነው። ወደ ሀገሩ የሚመለስ ደቡብ አፍሪካዊ ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘ ስደተኛ፣ ውጭ ሀገር ሳለ ቢያንስ 12 ወር በስሙ ይዞ የነዳውን አንድ መኪና ማምጣት ይችላል። ለአካል ጉዳተኛ የተዘጋጀ መኪና፣ ለሰብሳቢዎች የሚሆን በጣም ያረጀ መኪና፣ ለውድድር ሜዳ ብቻ የሚውል መኪናም የየራሳቸው ቀዳዳ አላቸው። የውድድሩ መኪና ግን መንገድ ላይ አይወጣም። ልብ በሉ፣ የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት፣ ሴክሽን 22 የምንለው፣ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ክልከላው የጥላቻ ጉዳይ አይደለም። ደርባን ላይ ቶዮታ፣ ፕሪቶሪያ አካባቢ ፎርድና ቢኤምደብሊው፣ ኢስት ለንደን ላይ መርሴዲስ መኪና ይሠራሉ። በእነዚህ ፋብሪካዎችና ዕቃ በሚያቀርቡላቸው ድርጅቶች እጅግ ብዙ ሠራተኛ እንጀራውን ይበላል። የጃፓን ያገለገለ መኪና እንደ ልብ ቢገባ እነዚህ ሰዎች ሥራ ይፈታሉ። ሕጉን ውደዱት ጥሉት፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

«ታዲያ ደርባን ወደብ በጃፓን አሮጌ መኪና የተሞላው ለምንድን ነው?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እነዚያ መኪኖች ለደቡብ አፍሪካ የመጡ አይደሉም፤ አላፊ ናቸው። ወደ ዚምባብዌ፣ ወደ ዛምቢያ፣ ወደ ማላዊ፣ ወደ ቦትስዋና፣ ወደ ሌሴቶ የሚሄዱ ናቸው። እነዚህ ሀገሮች እንደ ጃፓን በግራ መስመር ስለሚነዱ ቀኝ መሪው ይስማማቸዋል፤ ያገለገለ መኪናም ያስገባሉ። መኪናው በደቡብ አፍሪካ ምድር የሚቆየው በጉምሩክ ቁጥጥር ስር እስኪያልፍ ድረስ ነው። ሌባው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። መኪናው ድንበር እንደተሻገረ ተደርጎ ወረቀት ይሠራለታል፣ እሱ ግን እዚሁ ይቀራል። ወይም በእርግጥ ይሻገርና የጎረቤት ሀገር ታርጋ ለጥፎ ተመልሶ ይመጣል።

ደላላውም የሚያሳምንበት ግማሽ እውነት አለው። «ሌሴቶ፣ ቦትስዋና፣ ኤስዋቲኒ፣ ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ አንድ የጉምሩክ ኅብረት ናቸው። እዚያ ቀረጥ ከተከፈለ እዚህም እንደተከፈለ ነው» ይላል። ኅብረቱ መኖሩ እውነት ነው፤ ከ1910 ጀምሮ ያለ ነው። የቀረጥ ኅብረት ግን የመኪና ምዝገባ ፈቃድ አይደለም። ሌሴቶ የተመዘገበ ያገለገለ የጃፓን መኪና ፈቃዱ ከሌለው ጆሃንስበርግ ላይ በሕጋዊ መንገድ በስማችሁ አይዞርም። እዚህ የሚኖር ሰው ደግሞ በጎረቤት ታርጋ ዕድሜ ልኩን እየነዳ መኖር አይችልም።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን መገመት አያቅትም። ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ዝቅ ብሎ የሚሄድ፣ የውጭ ታርጋ የለጠፈ መኪና ፖሊስ ሳያስቆመው አይውልም። መጀመሪያ የሚታየው ቦሎው ነው፣ ቀጥሎ የሻንሲ ቁጥሩ። የድሮ የጃፓን መኪና ቁጥሩ እንደሌላው ዓለም 17 አኃዝ የለውም፤ በሞዴሉ ስም ጀምሮ አጭር ቁጥር ይከተለዋል። የሚያውቅ ፖሊስ በአንድ ዓይን ያየዋል። መኪናው ይያዛል፣ ሊወረስም፣ ሊጨፈለቅም ይችላል። ሻጩ ስልኩን ዘግቷል። ገዢውስ ማንን ይከሳል? የገዛ ወረቀቱ የሚታደስ፣ የሚንጠለጠል፣ ቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «በኮንትሮባንድ የገባ መኪና ገዝቼ ተታለልኩ» ብሎ አይከስም። ደላላው ይህን በደንብ ያውቃል። ይህ መኪና ለአበሻ ልጅ የሚቀርበውም የማይጮህ ገዢ ስለሆነ ነው። ራሱ ሰውዬው በጊዜያዊ ወረቀት ላይ ቆሞ ሳለ፣ ወረቀት የሌለው መኪና ሲጨምርበት ከአንዱ ገመድ ላይ ሌላ ገመድ መወጠር ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ በሰው ስም መግዛት ነው። ብዙ ልጅ ወረቀቱ አልተሟላለትም ወይም ሰልፉ ሰልችቶታል። ስለዚህ መኪናውን በሚያውቀው ደቡብ አፍሪካዊ ወይም መታወቂያ ባለው ወዳጁ ስም ያዞራል። ፍቅር እስካለ ድረስ ችግር የለም። ጠብ የመጣ ቀን ግን መኪናው የስሙ ባለቤት ነው፤ የእናንተ ምስክር ቡና አብሯችሁ የጠጣ ሰው ብቻ ነው። የደቡብ አፍሪካ መታወቂያ የሌለው ሰው ትራፊክ ሬጅስተር ነምበር የሚባለውን ቁጥር አውጥቶ በራሱ ስም መኪና ማስመዝገብ ይችላል። መመላለስ አለው። ቢሆንም ሊብሬ ላይ የራስን ስም ማየት የዚያን ሁሉ ሰልፍ ዋጋ ያወጣል።

«መኪናውን በኋላ ወደ ሀገር ቤት እልከዋለሁ» የሚል ሐሳብ ያለው ካለም ዛሬውኑ ይተወው። ኢትዮጵያ በቀኝ መስመር የምትነዳ፣ ግራ መሪ የምትጠቀም ሀገር ናት። አዲስ አበባን የሞሉት ቪትዞችም መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረላቸው ናቸው። ከዚያም በላይ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ ከልክሏል። ስለዚህ ያ ሱፕራ መሄጃ የለውም፤ እዚህ ካልተመዘገበ የትም አይመዘገብም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ታዲያ ፍጥነት የሚወድ ልጅ ምን ያድርግ? መንገድ አለ፣ እሱም እዚሁ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሕጋዊ ነጋዴ አዲስ ሆነው የተሸጡ፣ ዛሬ ያገለገሉ የጃፓን ፈጣን መኪኖች ሞልተዋል። የድሮው ኮሮላ አርኤስአይ፣ ራንኤክስ አርኤስአይ፣ ኒሳን ሴንትራ 200 ኤስቲአይ፣ ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ ኤስቲአይ፣ አቅም ላለው ደግሞ ጂአር ያሪስ። ታሪካቸው እዚሁ መዝገብ ላይ አለ። መለዋወጫቸው ይገኛል፣ መካኒኩም ያውቃቸዋል።

ሌላው መንገድ ሞተር ነው። ከጃፓን የመጡ ያገለገሉ ሞተሮች የሚሸጡባቸው ሱቆች ጆሃንስበርግ ውስጥ ብርቅ አይደሉም። ስንቱ የእዚህ ሀገር ወጣት በሕግ የተመዘገበ አሮጌ ኮሮላ ይዞ ጉልበተኛ ሞተር ያስገጥምበታል። እዚህም ላይ ወረቀቱ ይቅደም። የሞተሩን ደረሰኝ ያዙ፤ የሞተር ቁጥር ሲቀየር የፖሊስ ክሊራንስ አውጥታችሁ መዝገቡ ላይ ማስቀየር ግድ ነው። ያልተቀየረ እንደሆነ ሕጋዊ የነበረው መኪና እንደ ተሰረቀ ይጠረጠራል።

ለመንዳትም ቦታ አለ። ኪያላሚ አለ፣ ፕሪቶሪያ ዝዋርትኮፕስ አለ። ከሶዌቶ የተነሳው የመኪና ማሽከርከር ጨዋታ እንኳ በ2014 በሀገሪቱ የሞተር ስፖርት ማኅበር እንደ ስፖርት ታውቋል። ሌሊት አውራ ጎዳና ላይ ከመሽቀዳደም ሜዳ ገብቶ መንዳት ይሻላል። ሌላም ነገር አለ። በዚህ ከተማ አበሻ ነጋዴ ለገንዘብ ሲታገት ሰምተናል። ገቢህን ከሩቅ የሚያስጮህ መኪና ሱቅህ ደጃፍ ማቆም ለማን ምን እንደሚነግር አንተው አስበው።

«ሁሉም ይነዳው የለ፣ ምን ይሆናል?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ የሚነዱ አሉ። የተያዘባቸው ግን ጄፒ መጥተው አያወሩም። ዕቁብ የደረሰው ልጅ ወሬ ይሰማል፤ ዕቁቡን በአንድ ፍተሻ ያጣው ልጅ ግን ዝም ብሎ የቀረውን ዙር ይከፍላል። መኪናው ሄዷል፣ ዕዳው አለ። ሀገር ቤት ደግሞ የዚያን ወር ገንዘብ የምትጠብቅ እናት አለች።

ስለዚህ አንድ ራንድ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። መኪናው በደቡብ አፍሪካ መዝገብ ላይ አለ? የሊብሬው ባለቤትና ሻጩ አንድ ሰው ናቸው? የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ይገጥማል? የመንገድ ብቃት ምርመራ ያልፋል? በእኔ ስም ሲዞር ሻጩ አብሮኝ ይቆማል? ከአምስቱ አንዱ ላይ «ቆይ፣ እሱን በኋላ እንጨርሰዋለን» ካላችሁ ገንዘቡን ኪሳችሁ መልሱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ደርባን ላይ ያፈሰሰ ግን የሚለቅመው የለም።

ቸር ይግጠመን።