ከመልሱ በፊት የሚቆመው የሠርግ ፊልም

ባለፈው ክረምት የወንድሜ ልጅ የእኅቱን የሠርግ ፊልም በዲቪዲ ላይ ጽፎ ዋሽንግተን ለምትኖረው እኅቴ ለመላክ ሁለት ቀን ሙሉ ሲደክም ከቆየ በኋላ፣ አምስት የከሸፉ ዲስኮችን ጠረጴዛው ላይ እንደ ተበላበት ሳሕን ደርድሮ፣ «ጋሼ፣ ድራይቩ ሞቷል፤ ሌላ ከመግዛት በቀር መላ የለውም» አለኝ። ከአምስቱ ሁለቱ ገና ሥራው ሲጀመር ስሕተት አለባቸው ተብለው የተተፉ ሲሆኑ፣ የቀሩት ሦስቱ ግን ሥራው በደኅና ተፈጸመ ከተባለላቸው በኋላ፣ ሙሽሮቹ ኬኩን ሊቆርሱ እጃቸውን ሲዘረጉ ሥዕሉ በትናንሽ አራት ማዕዘን ተሰባብሮ ይቆም ነበር፤ መልሱን ያየ አንድ ሰው አልተገኘም።

እኔ ግን በመሣሪያ ላይ ሞት ከመፍረዴ በፊት ዲስኩን መመርመር ልማዴ ስለ ሆነ፣ አምስቱንም አንድ በአንድ እያነሣሁ በመስኮቱ ብርሃን አጋድዬ አየኋቸው። በዲቪዲ ሆድ ላይ የተጻፈበት ክፍል ካልተጻፈበት በመልኩ ጥቂት ይለያል፤ ይህም ቀለበት ከመካከለኛው ቀዳዳ ተነሥቶ የት ድረስ እንደ ደረሰ ላስተዋለ ሰው፣ ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ ከሚያወጣው መልእክት ይልቅ ብዙ ነገር ይገልጽለታል። የሁለቱ ዲስኮች ቀለበት ከክር አይወፍርም ነበር፤ የሦስቱ ግን እስከ ጠርዙ ደርሷል። እንግዲህ ልጁ አንድ በሽታ ነው ብሎ የያዘው ነገር ሁለት በሽታ ኖሯል።

ምክንያቱን ለመረዳት የዲስኩን ጠባይ ማወቅ ያሻል። ዲስክ ስፋቱ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ሰሌዳ ሲሆን፣ ባዶውን ገዝተን የምንጽፍበት ዓይነት በውስጡ ስስ የቀለም ንጣፍና ብርሃንን የሚመልስ እንደ መስተዋት ያለ ሌላ ንጣፍ አለው። ጸሐፊ ብራናውን ፍቆ ካለሰለሰ በኋላ፣ ቀለም ሳያስነካው በወስፌ ወግቶ መስመር እንደሚያሰምርበት ሁሉ፣ ፋብሪካውም በባዶው ዲስክ ላይ ከመካከል ተነሥቶ እየዞረ ወደ ጠርዝ የሚወጣ አንድ ረጅም ቦይ አስቀድሞ ያሰምርበታል፤ በሲዲ አንዱ ዙር ከሌላው የሚርቀው 1.6 ማይክሮን፣ በዲቪዲ ግን 0.74 ማይክሮን ብቻ ነው፤ ማይክሮን ማለትም የሚሊ ሜትር ሺሕኛ ነው። የድራይቩ ሌዘር ይህን ቦይ እየተከተለ፣ ሲያነብ በደካማ፣ ሲጽፍ በበረታ ብርሃን፣ ቀለሙን አንዱን ስፍራ እያቃጠለ ሌላውን እየተወ ይሄዳል። ስለዚህም ሰዎች «በርን አድርግልኝ»፣ ማለትም አቃጥልልኝ፣ ሲሉ ቃሉ ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ ዳግም ከሚጻፍባቸው ዓይነቶች በቀርም፣ አንድ ጊዜ የተቃጠለው ቀለም እንደ ብራና ተፍቆ አይታደስም።

(በዚህ ሥራ ብዙ ሰው የሚያውቀው ፕሮግራም ኔሮ ነው፤ ሙሉ ስሙ «ኔሮ በርኒንግ ሮም» ሲሆን ምልክቱም በእሳት የተያያዘው የሮማው ኮሎሲየም ነው። ነገር ግን ቅዱስ ጴጥሮስና ቅዱስ ጳውሎስ በዘመኑ በሰማዕትነት ያለፉበት ኔሮን ቄሳር በ68 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሞት፣ የዚያ ሕንጻ መሠረት እንኳ ገና አልተጣለም ነበር። ሥዕሉን ያወጣው ሰው ከታሪክ ይልቅ ቀልድ የሚወድ ሳይሆን አይቀርም።)

ወደ መጀመሪያው በሽታ ልመለስ። ጥንቁቅ ጸሐፊ ብዕሩን ቀርጾ ቀለም ካጠቀሰ በኋላ በቀጥታ ወደ መጽሐፉ አይገባም፤ በባዶ ቅጠል ዳር ጥቂት ቃል ጽፎ ብዕሩን ይፈትናል። ድራይቩም እንዲሁ በዲስኩ ውስጠኛ ዳር ለዚሁ በተለየው ጠባብ ስፍራ ላይ ሌዘሩን በልዩ ልዩ ኀይል ሞክሮ፣ የጻፈውንም መልሶ አንብቦ፣ ለቀለሙ የሚስማማውን ኀይል ይመርጣል። «ፓወር ካሊብሬሽን ኤረር» የሚለው መልእክት የሚወጣው ይህ ፈተና ሲወድቅ ነው፤ ይኸውም ወይ ቀለሙ መናኛ ነው፣ ወይ የሌዘሩ ዓይን ቆሽሿል፣ አለዚያም ሌዘሩ ራሱ አርጅቷል። ከዚህም በላይ ባዶ ዲስክ የሠሪውን መለያ በቦዩ ውስጥ ይዞ ስለሚመጣ፣ ድራይቩ መለያውን አንብቦ በውስጡ ከተመዘገበው ዝርዝር ጋር ያስተያየዋል፤ ከዝርዝሩ ካጣው ግን የሚጽፈው በግምት ነው። አሮጌ ድራይቭ አዲስ ዲስክን እምቢ የሚልበት አንዱ ምክንያት ይህ ስለ ሆነ፣ ፊርምዌር የተባለውን የውስጥ ፕሮግራሙን ከሠሪው ወስዶ ማደስ አንዳንድ ጊዜ ያድነዋል። ከሁሉ የሚቀልለው ምርመራ ግን የሌላ ፋብሪካ ዲስክ አስገብቶ መሞከር ነው። ልጁ ሁለቱን ዲስኮች የገዛው ስም ከሌለው ክምር፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ከሚውል መደብ ኖሯል፤ ይህ ቀለም ደግሞ የፀሐይ ጠላት ነው። ስም ያለውን ዲስክ ስናስገባ ያ መልእክት ዳግመኛ አልታየም።

ሁለተኛው በሽታ የችኮላ ነበር። የዲቪዲ አንድ እጥፍ ፍጥነት የሚባለው በሴኮንድ 1.385 ሜጋባይት መጻፍ ሲሆን፣ በዚህ አካሄድ ሙሉ ዲስክ ወደ አንድ ሰዓት ግድም ይፈጃል፤ በ4 እጥፍ 15 ደቂቃ ያህል፣ በ16 እጥፍ ደግሞ ስድስት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ልጁ በዲስኩ ፊት 16 የሚል ቁጥር ስላየ 16 ላይ አስቀምጦት ነበር፤ ነገር ግን ያ ቁጥር ለዲስኩ የተፈቀደለት ወሰን እንጂ የታዘዘበት ግዴታ አይደለም። በዚህ ፍጥነት ዲስኩ በደቂቃ በብዙ ሺሕ ዙር ስለሚሽከረከር፣ ጥቂት የተጣመመ ወይም በአንድ ወገን ወረቀት የተለጠፈበት ሰሌዳ እንደ ጠማማ ጎማ ይርገበገባል፤ መርገብገቡም፣ የጽሕፈቱ ፍጥነትም የሚበረታው በጠርዙ ነው፤ በርካሽ ዲስክ ቀለሙ ተስተካክሎ የማይዳረሰውም እዚያው ነው። ጽሕፈቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚሄድ የፊልሙ መጨረሻ ጠርዙ ላይ ያርፋል፤ የሠርጋችን መልስ የጠፋውም በዚሁ ነበር። እኔ 8 ላይ አስቀመጥሁት። ከዚህ ወርዶ 1 ማድረግ ይበልጣል የሚሉ አሉ፤ ሆኖም ለፈጣን ጽሕፈት የተቀመመ ቀለም እጅግ ሲዘገዩበትም አይወድም። ፊልሙንም ጥቂት አሳንሰን ጠርዙ ሳይጻፍበት እንዲቀር አደረግን፤ ልጁ ጊዜ ለመቈጠብ አጥፍቶት የነበረውን፣ የተጻፈውን ከዋናው ጋር የሚያመሳክረውን «ቬሪፋይ» የሚለውን ምርጫም መልሰን አበራነው። ማመሳከር የሌለበት ጽሕፈት፣ አራሚ እንዳላየው መጽሐፍ፣ ተፈጸመ ቢባልም የሚታመን አይደለም።

ድራይቩ ራሱ የሚታመምበት ጊዜም አለ። በበጋ አቧራ ሌንሱ ላይ ሲቀመጥ በጥጥ ጫፍ ላይ ጥቂት ንጹሕ አልኮል ነክሮ በቀስታ መዳሰስ ይበቃል፤ ሌንሱ በቀጭን ሽቦዎች የተንጠለጠለ ስለ ሆነ መጫን ግን አደጋ ነው። ዲስኩም ሲጠረግ ከመካከል ወደ ጠርዝ በቀጥታ እንጂ እየዞሩ አይጠረግም፤ የዙሩ ጭረት ቦዩን ይዞ ስለሚሄድ ድራይቩ የጠፋውን ለማቃናት አይችልም። ሲዲ እያነበበ ዲቪዲን አላውቅም የሚል ድራይቭ፣ ለሁለቱ የተለያየ ሌዘር ስላለው፣ አንደኛው ደክሞበት ይሆናል፤ ይህን በጥጥ ማዳን አይቻልም። በዩኤስቢ የሚሠራው ስስ ድራይቭ መሐል ላይ ከቆመ፣ አንዱ ቀዳዳ የሚሰጠው ኀይል አንሶት ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለት ራስ ባለው ገመድ ከሁለት ቀዳዳ ማጠጣት ነው። መብራት በሚጠፋበት ሠፈር ደግሞ ባትሪው የሞላ ላፕቶፕ ይመረጣል፤ በጽሕፈት ላይ ሳለ መብራት የጠፋበት ዲስክ ለሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ካልሆነ ሌላ ጥቅም የለውም።

በሽታ መስለው በሽታ ያልሆኑም አሉ። በዲስኩ ፊት 4.7 ጊጋባይት ተብሎ የተጻፈው በአሥር እየተባዛ የተቈጠረ ሲሆን፣ ዊንዶውስ ግን በ1024 ስለሚቈጥር ያው ስፍራ 4.38 ሆኖ ይታያል፤ 4.5 የሚያሳይ ፊልም አልገባም ቢል ድራይቩ አልዋሸም። በኮምፒውተር የሚታይ፣ በቴሌቪዥኑ አጠገብ ባለው ማጫወቻ ግን የማይታይ ዲስክ ብዙውን ጊዜ ሳይዘጋ የቀረ ነው፤ ፕሮግራሙ «ፋይናላይዝ» የሚለውን ይህን መዝጊያ ካላደረገ ማጫወቻው የት እንደሚያበቃ አያገኝም። አለዚያም ፊልሙ በዲቪዲ ቪዲዮ ሥርዓት ሳይዘጋጅ እንደ ተራ ፋይል የተገለበጠ ይሆናል።

እኔም ከዚህ ወገን በሆነው ተሰናክያለሁ። በቤታችን ማጫወቻ እስከ መልሱ ድረስ ሳይቆም የታየውን ዲስክ ለእኅቴ ከላክሁ በኋላ፣ በስልክ «ድምፅም ሥዕልም የለውም፤ ባዶ ነው የላክህልኝ» አለችኝ። ረስቼው እንጂ በአገራችን ዲቪዲ የሚዘጋጅበት የሥዕል ሥርዓት በሴኮንድ 25 ሥዕል የሚያሳየው ፓል ሲሆን፣ በአሜሪካ ግን ወደ 30 ሥዕል የሚያሳየው ኤንቲኤስሲ ስለ ሆነ፣ እዚያ የተገዛ ማጫወቻ አብዛኛውን ጊዜ የእኛን አይቀበልም፤ የእኛ ማጫወቻዎች ግን የእነርሱን ብዙ ጊዜ ስለሚቀበሉ፣ ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ዲስክ ከመጀመሪያው ኤንቲኤስሲ መምረጥ ነበረብኝ። ፊልሙን ፕሮግራሙ ውስጥ እንደ ገና አዘጋጅተን፣ በ8 ጽፈን፣ አመሳክረን ላክነው።

በደረሰ ማግሥት እኩለ ሌሊት ላይ ደወለች። ኬኩ ተቈርሶ፣ መልሱም አልፎ፣ እስከ መጨረሻው አይታዋለች። «ካሜራማኑ ግን» አለችኝ፣ «ሙሽራዋን ትቶ አንተ ስትጎርስ ነው ሩብ ሰዓት ያነሣው»።