«ግንኙነት ሞልቷል» የሚል ሰርቨር፦ ቧንቧ ከመጨመር በፊት ሮቶውን ማየት

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሚሆንበት ምሽት አንጋጫ ያለ ተማሪ ገጹ አልከፍት ሲለው «ኔትወርክ የለም» ይላል። ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። አንዳንዴ ግን ኔትወርኩ ደህና ሆኖ ችግሩ ውጤቱ የተቀመጠበት የዳታቤዝ ሰርቨር ላይ ይሆናል። የጨረቃ መታየት በሚጠበቅበት የዒድ ዋዜማም የዜና ገጾችን ይኸው ሊገጥማቸው ይችላል።

ነገሩ የጁምዓ ቀን ውዱእ ማድረጊያን ይመስላል። 10 ቧንቧ ካለ 11ኛው ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ዳታቤዝ ግን ወረፋ አያስይዝም፤ «ሞልቷል» ብሎ ይመልሰዋል። ማይኤስኪውኤል እንደተጫነ በአንድ ጊዜ የሚፈቅደው 151 ግንኙነት ነው፤ ፖስትግሬስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 100።

ታዲያ ቁጥሩን 1,000 ማድረግ አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ ቧንቧ መጨመር ግን የሮቶውን ውሃ አይጨምርም። እያንዳንዱ ግንኙነት ከሰርቨሩ ራም ድርሻውን ይወስዳል። ራሙ ካለቀ ሰርቨሩ ይወድቃል፤ ያኔ ጥቂቶች ሳይሆኑ ሁሉም ይመለሳሉ።

ስለዚህ በቅደም ተከተል እንሂድ።

አንደኛ፣ በአንድ ጊዜ የተከፈተው ግንኙነት እስከ ስንት እንደደረሰ ይታይ። ማይኤስኪውኤል ይህን ራሱ ይመዘግባል።

ሁለተኛ፣ ሥራ ፈት ግንኙነቶች ይፈለጉ። ውዱኡን ጨርሶ ቧንቧው ሥር ወሬ እንደያዘ ሰው ናቸው። ማይኤስኪውኤል ካልታዘዘ በቀር እንዲህ ያለውን ግንኙነት 28,800 ሰከንድ፣ ማለትም 8 ሰዓት ይታገሳል። ይህን ማሳጠር ብቻውን ሊበቃ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ጥቂት ግንኙነቶችን ለብዙ ተጠቃሚ በየተራ የሚያዳርስ ፕሮግራም ይግባ። ለፖስትግሬስ ፒጂባውንሰር የሚባለው አለ።

አራተኛ፣ ይህም ካልበቃ ራሙን እያዩ ቁጥሩን በጥቂት በጥቂቱ ማሳደግ ነው። ማይኤስኪውኤል ላይ ሰርቨሩ ሳይቆም ማሳደግ ይቻላል፤ ነገር ግን ለውጡ በማዋቀሪያ ፋይሉ ካልሰፈረ መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ እንደገና ሲነሳ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ፖስትግሬስ ደግሞ ለውጡን የሚቀበለው ጠፍቶ ሲነሳ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው ውጤት በሚወጣበት ምሽት ሳይሆን ቀደም ብሎ ያልቅ።

ለተማሪዎችም አንድ ምክር፦ ገጹን በየሰከንዱ ማደስ ሰርቨሩ ላይ ጥያቄ መደራረብ ነው። ጥቂት ደቂቃ ሰብር ማድረግ ለእናንተም ለሌላው ተማሪም ይበጃል።